ቀለህ ለቃሚው ጎረቤቴ

ዴንቨር ያሉት ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። በየመኸሩ ወደ ሮኪ ተራሮች ይወጡና ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ያድናሉ። ባለፈው ቅዳሜ ጋራዣቸውን ከፍተው ጠሩኝ። መኪና ሊያሳዩኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ጥይት እየሞሉ ነው።

ክው አልኩ። እኛ አገር ጓዳው ውስጥ ጥይት ሲሞላ የተገኘ ሰው የሚጠብቀውን አስቡት። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ቀልድ አያውቅም። እዚህ ግን ለራስ መተኮሻ እስከሆነ ድረስ ፈቃድ እንኳ የሚጠይቅ የለም። ዕቃው ከአደን ዕቃ መደብር ይገዛል።

ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ቀለሁ ይቀራል። ውዱ ክፍል ደግሞ እሱ ናሱ ነው። ስለዚህ ይለቅሙታል። የተመታችውን ፕራይመር፣ ማለትም ከቂጡ ያለችውን ትንሽ ቆብ፣ ያወጣሉ። ቀለሁን ፕሬስ በሚባል የእጅ መጭመቂያ ጨምቀው ወደ ልኩ ይመልሳሉ። አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድ፣ ከላይ አዲስ አረር። አለቀ። አንዱ ቀለህ ደጋግሞ ይሠራል።

ማጽጃ ማሽኑን ሲከፍቱት ሳቄ መጣ። ውስጡ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው! እናቴ እሳት የምታቀጣጥልበት ቆረቆንዳ እዚህ በከረጢት እየተሸጠ ናስ ይወለውላል።

ባሩዱ ጋ ሲደርሱ ግን ጨዋታ ቆመ። ራዲዮው ተዘጋ። መለኪያቸው ግሬይን ይባላል፤ 7000ው ተደምሮ ነው አንድ ፓውንድ የሚሞላው። መጠኑን ከመጽሐፍ ያነባሉ፣ ከዝቅተኛው ይጀምራሉ። ከዚያ 50 ቀዳዳ ባለው ገበታ ላይ ቀለሆቹን ደርድረው፣ ባትሪ አብርተው፣ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አዩ። በስህተት ሁለቴ የተሞላ ካለ ጠመንጃው ፊት ላይ ይፈነዳል። «ጀማሪ ከሆንክ አንድ በአንድ የሚሠራው ፕሬስ ይበቃሃል» አሉኝ። «ችኩል ከሆንክ ደግሞ ጭራሽ አትንካው።»

«ታዲያ ያዋጣል?» አልኳቸው።

ሱቅ 20 ፍሬ የአደን ጥይት ከ30 ዶላር በላይ ነው። የሳቸው ግማሽ ገደማ ይፈጃል። ፕሬሱና ሚዛኑ ግን መጀመሪያ ጥቂት መቶ ዶላር በልተዋል። በጅምላ ርካሽ የሚገኘውን 223 የሚባል የጥይት ዓይነት ለሚተኩስ ሰው ልፋቱ አይክሰውም። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ፕራይመር ራሱ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ይህን እያብራሩልኝ ሳለ ባለቤታቸው በበሩ ብቅ አሉ። «ምን ያዋጣል! በፊት 20 ይተኩስ ነበር፣ አሁን 100 ይተኩሳል።»

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። ከአያቴ የወረሱት ምንሽር ነበራቸው። ዝናራቸው ላይ ያለውን ጥይት እንደ ከብት ነበር የሚቆጥሩት። አይፈረድባቸውም፤ በአያቶቻችን ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ገበያ ላይ ይዘረዘር ነበር። ለአባቴ ጥይት መቆጠብ ማለት አለመተኮስ ነው።

«ምን ላይ ይተኩሱታል?» አሉኝ።

«አደኑ በዓመት አንዴ ነው። ሌላ ጊዜ ወረቀት ላይ ነው፣ አባዬ።»

«ወረቀት?»

«አዎ፣ ክብ ክብ የተሳለበት።»

«ጥይት... ወረቀት ላይ!» ስልኩን ለእናቴ አቀበሏት። በሰርግ ወደ ሰማይ የለቀቁትን ላነሳባቸው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ጎረቤቴ ለማስታወሻ ብለው አንድ ባዶ ቀለህ ሰጡኝ። ልጅ ሆነን እንደምናደርገው ከታችኛው ከንፈሬ ላይ ደግፌ ነፋሁት። ያው የድሮው ፉጨት! ሽማግሌው ዘለው እጄን ያዙኝ።

«የእርሳስ መርዝ አለበት! ሂድ አፍህን ታጠብ!»