ፊት የሚያቃጥለው ቅባት ያለ ማዘዣ መሸጡ ይቁም

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚበዛበት መድኃኒት ቤት ገብቶ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን ማየቱ አይቀርም። አንዲት ወጣት ነጠላዋን ከጉንጯ ገለጥ ታደርግና «ያቃጥለኛል፤ ቡግር የሚመስል ነገርም አወጣብኝ» ትላለች። ሻጩ ከባንኮኒው ማዶ አንድ ጊዜ አየት አድርጓት ከመደርደሪያው ትንሽ ቱቦ ያነሣል። «ማታ ማታ ተቀቢው።» መቼ ጀመረሽ፣ ከዚህ በፊት ምን ተቀብተሻል፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቱቦው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ስም ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ሆኖ ይገኛል።

ሁለቱም ብርቱ ስቴሮይዶች፣ ማለትም የቆዳን ቁጣ የሚያበርዱ መድኃኒቶች፣ ናቸው። ለችፌና ለሶርያሲስ (ቆዳን አወፍሮ ለሚያስቀርፍ የቆዳ ሕመም) በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ጊዜ ሲሰጡ ትልቅ ጥቅም አላቸው። የፊት ቆዳ ግን ስስ ስለሆነ መድኃኒቱን ከክንድና ከመዳፍ እጅግ በበለጠ ይመጥጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያታልላሉ። ስቴሮይዱ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል፤ ቅላቱ ይጠፋል፣ ጎረቤትም «ፊትሽ እንዴት ጠራ!» ይላል። ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው ይሳሳል፤ የደም ሥሮቹ ሰፍተው ከላይ ይታያሉ፤ በአፍና በአፍንጫ ዙሪያ መግል የቋጠረ ሽፍታ ይወጣል። ቅባቱን ስትተወው ፊቷ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ስለዚህ ትመለስበታለች። ሐኪሞች ይህን በስቴሮይድ የመጣ ሮዛሺያ ይሉታል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚመጣ ሕመም ነውና።

ሮዛሺያ ራሱ ያለ ምንም ቅባትም የሚመጣ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የፊት ቆዳ ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዓመት በኋላ ይጀምራል። ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን ይይዛል፤ በሴቶች ላይ ይበዛል፣ የአፍንጫ ቆዳን አወፍሮ የሚያሳብጠው ዓይነት ግን ይበልጥ የሚታየው በወንዶች ላይ ነው። ለዘመናት በሕክምና መጻሕፍት የታተሙት ሥዕሎች በአብዛኛው የነጭ ሰው ፊት ስለነበሩ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል እምነት በሐኪሞችም ዘንድ ሰርጿል። ስሕተት ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ተሸሽጎ ይቀራል እንጂ ሕመሙ አለ። እንዲያውም ቅላቱ ባለመታየቱ ታማሚው ዘግይቶ፣ ብዙ ነገር ተቀባብቶ ይደርሳል። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ያስፈልጋል፦ ፊት ድንገት ይግላል ወይ? ሳሙናና ቅባት ይቆጠቁጣል ወይ? ሽፍታው የቡግርን ጥቁር ነጥብ የሌለው ነው ወይ? ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል ወይ? የዓይኑ ነገር ቸል የሚባል አይደለም፤ ሮዛሺያ የዓይን ብሌንን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል።

ይህን የሚጠይቅ ሲጠፋ ሰው በራሱ መንገድ ይሄዳል። አንዱ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሻል፣ ሌላው ሎሚ ይቀባል፣ ሌላዋ በአልኮል ትጠርጋለች። ቀድሞውኑ የተቆጣ ቆዳ ላይ ሎሚ መጨመር ምን እንደሚያደርግ የቀመሰው ያውቀዋል።

የሚያሳዝነው፣ ትክክለኛው ሕክምና የተራቀቀ ነገር አለመሆኑ ነው። ሮዛሺያ ጨርሶ ባይነቀልም በቁጥጥር ሥር ይውላል። ሜትሮኒዳዞል ጄል ለብዙ ዓመታት የተሞከረ መድኃኒት ነው፤ አዜላይክ አሲድም እንዲሁ። ሽፍታው ሲበረታ ዶክሲሳይክሊን በአነስተኛ መጠን ይሰጣል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ግን አይሆንም። በአገራችን በኦንኮሰርኪያሲስ (ዓይን በሚያሳውረው የጥገኛ ትል በሽታ) ዘመቻ በእንክብል የሚታወቀው አይቨርሜክቲን በ1 በመቶ ክሬም መልኩ ለሮዛሺያ እንዲውል በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ፦ ለከብት የተሠራውን አይቨርሜክቲን ፊት ላይ የሚሞክር ሰው እንዳይኖር።

ከመድኃኒቱ እኩል የሚሠራው ፊትን ከሙቀትና ከፀሐይ መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል እንጂ በዚህ ከፍታ የሚወርደው ጨረር ብርቱ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ጥሩ ነው፤ ዋጋው ከአቅም በላይ ለሆነበት ሰፊ ባርኔጣና ጃንጥላ ይጠቅማሉ። የጋለ ምጣድ ፊት ለፊት ተቀምጣ እንጀራ የምትጋግር ሴት ፊቷን ዘወር፣ ራቅ ብታደርግ ልዩነቱን ታየዋለች። ሚጥሚጣና አረቄ የሚያስነሡበት ሰው አለ፤ የማያስነሡበትም አለ፤ እያንዳንዱ የራሱን ማስታወስ ይኖርበታል። ቡና ግን ያለ ጥፋቱ ተወንጅሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ከ82 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን ያካተተ ጥናት ቡና አዘውትረው በሚጠጡት ዘንድ ሮዛሺያ አነስተኛ ሆኖ እንዳገኘ ዘግቧል። ፊትን የሚያግለው የሲኒው ትኩሳት ነው፤ ስለዚህ አቦሉን በረድ አድርጎ መጠጣት ይበቃል። ታማሚን ከቡና ሸንጎ ማስወጣት አያስፈልግም።

«የቆዳ ሐኪም የት ይገኛል? ያሉትም በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች ነው፤ ለድሃው ክሊኒኩ መድኃኒት ቤቱ ነው» የሚል መልስ እሰማለሁ። እውነት ነው። እንደ አለርት ባሉ ሆስፒታሎች የሚታየው የቆዳ ታማሚ ሰልፍ ይህን ይመሰክራል። ነገር ግን መድኃኒት ቤቱ የድሃው ክሊኒክ ከሆነ ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው ኃላፊነት ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ሦስት ጥያቄ መጠየቅ፣ «ይህ ለፊት አይሆንም» ማለትና ወደ ሐኪም መምራት ገንዘብ አያስወጣም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትንም ኮስሞቲክስንም በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር አድርጓል፤ ክሎቤታሶል በኮስሞቲክስ ቤት ከሎሽንና ከሽቶ ጎን ተደርድሮ መሸጡ ሊቀጥል አይገባም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከመርካቶ ይጀምር፤ በትንንሽ ዕቃ ተገልብጦ «የማቅያ ቅልቅል» እየተባለ የሚሸጠውንም ይመርምር።

አሁን በቅባቱ ላይ ያላችሁ፣ በተለይም ለወራት የቆያችሁ፣ ስታቆሙ ፊታችሁ ለሳምንታት ሊብስ እንደሚችል እወቁ። መባሱ መድኃኒቱ ያስፈልጋችኋል ማለት አይደለም። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ሊያስተዋችሁ፣ እስኪያልፍም በሌላ መድኃኒት ሊረዳችሁ ይችላል። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለቀውን ቱቦ፣ ስም የሌለውን ብልቃጥም ጭምር። ሳታፍሩ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደተቀባችሁት ንገሩት።