የቨርቹዋል ማሽን ዲኤንኤስ እምቢ ሲል 8.8.8.8 ጽፎ ማለፍ ያዋጣል? (ክርክር)

ጉዳዩ ይኸ ነው። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር (ሆስት) ላይ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ተጭኗል፤ በውስጡ ኡቡንቱ (ጌስት) ይሠራል፤ ኔትወርኩ ናት ላይ ነው፤ ማለትም ጌስቱ ወደ ውጭ የሚወጣው በሆስቱ ግንኙነት በኩል ነው። 1.1.1.1 (አንድ የኢንተርኔት አድራሻ) ፒንግ ሲደረግ፣ ማለትም «አለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልስ ይመጣል፤ የድረ ገጽ ስም ሲጻፍ ግን ተርሚናሉ «ስሙን መፍታት ለጊዜው አልተቻለም» ይላል። ግንኙነቱ አለ፤ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ ግን አልመለሰም ማለት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ጌስቱ ውስጥ ገብቶ 8.8.8.8ን፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት የሆነውን የጉግል ዲኤንኤስ አድራሻ፣ ይጽፍና ይገላገላል። ይህ ተገቢ ነው? አንዲት የኮምፒውተር አሠልጣኝ በመደገፍ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ሲስተም አድሚን በመቃወም ይከራከራሉ።

አሠልጣኟ፦ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ቀድሞ መደረግ ያለበት እሱ ነው። ሠልጣኞቼ የተዘጋጀ ማሽን በፍላሽ ይወስዳሉ። አንዱ ቤቱ ባለው ዋይፋይ፣ ሌላው በስልኩ ሆትስፖት፣ ሌላው ኢንተርኔት ቤት ይከፍተዋል። ቨርቹዋልቦክስ በናት ሲሠራ፣ ካልነኩት በስተቀር፣ የሆስቱን ዲኤንኤስ አድራሻ ወስዶ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድለው አሠራር) ለጌስቱ ይሰጣል። ልጁ ቤቱ ሆኖ ማሽኑን ሲያስነሳ ጌስቱ 192.168.1.1ን፣ ማለትም የራውተሩን አድራሻ፣ ያዘ እንበል። መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይጠፋል፤ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ልጁ ሆትስፖት ይከፍታል። የሆስቱ ብራውዘር ይሠራል፤ ጌስቱ ግን አሁንም 192.168.1.1ን እየጠየቀ ነው። የጠፋ ራውተር እንዴት አድርጎ ይመልስለት? 8.8.8.8 የተጻፈበት ማሽን ግን በሁለቱም ኔትወርክ ሥራውን ይቀጥላል። ጀማሪ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጀምር ተስፋ እንዳይቆርጥ የማደርገው ይህንን ነው፤ አላፍርበትም።

አድሚኑ፦ እህቴ፣ ችግሩን በትክክል አስቀምጠሽዋል። መድኃኒቱ ግን እዚያው ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ አለ። የናቱን ዲኤንኤስ ፕሮክሲ ብታበሪው ጌስቱ የሚያውቀው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ 10.0.2.3። ሆስቱ ከራውተር ወደ ስልክ ቢዞር፣ ቪፒኤን ቢከፍት፣ ጌስቱ ያንኑ 10.0.2.3ን ይጠይቃል፤ ጥያቄውን ሆስቱ ወደሚጠቀምበት ዲኤንኤስ የሚያደርሰው ናቱ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልምጣ፤ 8.8.8.8 በጣም የሚጎዳው እዚህ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የፋይል ሰርቨሩ፣ የሒሳብ ሲስተሙ፣ ማተሚያው ሁሉ የሚታወቁት በውስጥ ስም ነው፤ ስሙን የሚፈታው የመሥሪያ ቤቱ ዲኤንኤስ ብቻ ነው። ጌስቱ 8.8.8.8ን ሲጠይቅ «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ልብ በይ፣ መልስ አላጣም፤ የተሳሳተ መልስ ነው ያገኘው። ብራውዘሩ ዜናውን፣ ቪዲዮውን ሁሉ ስለሚከፍት ዲኤንኤሱን የሚጠረጥር አይኖርም፤ ሰዉ የፋይል ሰርቨሩን ይወቅሳል፣ ገመድ ይነቅላል፣ ፋየርዎል ይፈትሻል። አንዱ ስም ከውስጥ ሲጠየቅ አንድ አድራሻ፣ ከውጭ ሲጠየቅ ሌላ አድራሻ የሚሰጥበት ቦታማ ይብሳል። ደግሞም የውስጥ ሰርቨሮቻችን ስም በየጥያቄው ወደ ውጭ ይወጣል። ጠበቅ ያለ ፋየርዎል ያለበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ወደ ውጭ የሚሄደውን ፖርት 53፣ ማለትም የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚያልፍበትን በር፣ ከራሱ ዲኤንኤስ በቀር ለማንም አይከፍትም፤ እዚያ ማሽንሽ ጭራሽ መልስ አያገኝም።

አሠልጣኟ፦ ስለ መሥሪያ ቤቱ ያሉትን እቀበላለሁ። ነገር ግን «ሆስቱን ተከተል» የሚለውም ምክር የራሱ ጉድጓድ አለው። ብዙ መመሪያ የሚያዘው ፕሮክሲውን ሳይሆን ሆስት ሪዞልቨር የሚባለውን ነው። እሱ ደግሞ ጥያቄውን እንዳለ አያሳልፍም፤ በሆስቱ ሲስተም አማካይነት ራሱ ይፈታል፤ ከተራ የአድራሻ ፍለጋ ውጭ ያሉትን አያስተናግድም። ዊንዶውስ ጌስትን ዶሜን (የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በአንድነት የሚተዳደሩበት ሥርዓት) ውስጥ ለማስገባት የኤስአርቪ መዝገብ፣ ማለትም አገልግሎቱ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ የሚናገረውን የዲኤንኤስ መዝገብ፣ መጠየቅ ግድ ነው፤ በሆስት ሪዞልቨር ይህ አይሳካም። እርስዎ ያሉት ዓይነት ግራ መጋባት እዚህም አለ፤ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ዶሜኑ አይገኝም።

አድሚኑ፦ ስለዚህ ነው ፕሮክሲ ያልኩት። ፕሮክሲው ጥያቄውን እንዳለ ነው የሚያስተላልፈው። በዚያ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ዶሜን 8.8.8.8 ጨርሶ አያውቀውም፤ ምሳሌሽ ለእኔ ነው የመሰከረው።

ሌላም አለ። 8.8.8.8 የሚጽፈው ሰው የት ነው የሚጽፈው? አብዛኛው ሪዞልቭ ዶት ኮንፍን (የዲኤንኤስ አድራሻ የሚጻፍበትን ፋይል) ከፍቶ ነው። ኡቡንቱ ላይ ያ ፋይል ሲስተምዲ ሪዞልቭድ (የኡቡንቱ ስም ፈቺ አገልግሎት) ወደሚያዘጋጀው ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ነው፤ ሲከፈት የሚታየው 127.0.0.53፣ የዚያው አገልግሎት አድራሻ፣ ነው። የጻፍሽው ማሽኑ ሲነሳ ይጠፋል። ሰውየው ተናዶ ፋይሉን እንዳይነካ አድርጎ ይቆልፈዋል፤ ከዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ዲኤችሲፒው ለምን እንደማይሰማ ሲፈልግ ይውላል።

አሠልጣኟ፦ ያ የጻፊው ስህተት ነው፤ የአድራሻው አይደለም። እኔ የማስተምረው በኡቡንቱ የኔትወርክ ማስተካከያዎች፣ በኔትፕላን ወይም በኔትወርክ ማኔጀር፣ እንዲጽፉ፣ ከዚያ «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ» ብለው የትኛው ሰርቨር እየሠራ እንደሆነ እንዲያዩ ነው። ምርመራውም በዚሁ ይቀላል። በኤንኤስሉክአፕ (ዲኤንኤስን በሚጠይቀው ትእዛዝ) አንዱን ስም አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ 8.8.8.8ን ጠርቶ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ብቻ ከመለሰ ጥፋቱ ጌስቱ በተሰጠው ዲኤንኤስ ወይም ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

አድሚኑ፦ ለምርመራማ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። መርምሮ ማንሳት ነው ያለብን፤ የምቃወመው ትቶት መሄድን ነው። በነገራችን ላይ ኪውኢሙን (ሌላ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም) ናትን በሚመስለው በዩዘር ኔትወርክ የምትጠቀሙ፣ እዚያ ፒንግ ወደ ውጭ እንዲሁ አይሠራም፤ ፒንግ ስላልመለሰ ኢንተርኔት የለም ብላችሁ አትነሱ።

አሠልጣኟ፦ ፕሮክሲውን ለማብራት ጌስቱ መጥፋት፣ ትእዛዙም በሆስቱ ላይ መጻፍ አለበት። ኢንተርኔት ቤት የሚለማመድ ልጅ የሆስቱ ትእዛዝ መስመር ተዘግቶበታል፤ በእጁ ያለው ጌስቱ ብቻ ነው። ኔትወርኩ ብሪጅድ ላይ ከሆነ፣ ማለትም ጌስቱ በናት ሳያልፍ በቀጥታ ኔትወርኩ ውስጥ ከገባ፣ ደግሞ ፕሮክሲው ራሱ የለም። መሥሪያ ቤት ለሚገባ ማሽን የእርስዎን መንገድ አስተምራለሁ፤ ለልምምድ በሚወስዱት ላይ ግን 8.8.8.8 ይቆያል።