ሰላምታ አልበላም

ልጄ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ልዕልት ነበረች። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። በር ላይ ትኬት የሚያየው ሰውዬ «እንኳን ደህና መጣሽ ልዕልት» አላት። አይስክሬም ሻጯም አለቻት። መንገድ የሚጠርገው ጎረምሳ ሳይቀር መጥረጊያውን ደገፍ ብሎ ጎንበስ አለላት። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ባለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በሚባል የመዝናኛ መንደር፣ የልዕልት ቀሚስ ያጠለቀች የ5 ዓመት ልጅ የምትውለው እንዲህ ነው። ብትጮህ የሚቆጣት የለም። እንድትጮህ ተብሎ ነው ከከፍታ ላይ ቁልቁል ወደ ውሃ የሚለቋት። ትሮጣለች። ያገኘችውን ትነካለች። የነካችውን ትልሳለች። ዓለም ሁሉ ይስቅላታል።

ከዚያ መሸና እራት ልንበላ ገባን። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት፣ አንድ ሰው ፊት 3 ብርጭቆ የሚደረደርበት ቤት። የበሩን ደፍ ስንረግጥ ንግሥናው አበቃ። «ዝም በይ! አትንኪ! እግርሽን አውርጂ!» ከዙፋን የሚወርድ ንጉሥ እንኳ ቀደም ብሎ ሹክ የሚለው ሰው አያጣም። የኔ ልጅ ግን ምንም አልተነገራትም።

ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ብዙ አልመራመርም። የእኔና የባለቤቴ ነው።

እዚያ ጠረጴዛ የሚያዘው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። የሚፈለጉት ቤቶች ደግሞ ጠረጴዛ መያዝ ገና ከመጀመሩ ይሞላሉ። ስለዚህ ባለቤቴ አላርም ሞልታ ጎህ ሳይቀድ ተነሳች፤ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ለ4 ሰው የሚሆን ጠረጴዛ አገኘች። ማረጋገጫው ሲደርሳት ዲግሪ የተቀበለች ነው የመሰለችው። እኔም አጨበጨብኩ።

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ትንሹ ልጃችን 3 ዓመት ሊሞላው 2 ወር የቀረው ሰው ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ምን እንደሚሆን እንኳ ዋስ የምሆንለት ሰው አይደለም። እኛ ግን ከ60 ቀን በኋላ፣ ማታ፣ በሰላም ተቀምጦ እንደሚበላ ፈርመንለት አረፍን። ጠረጴዛውን ስንይዝ የሚወደው ፓስታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓስታን ጠላ፣ ሩዝን ወደደ፣ ሩዝን ጠላ፣ ከሙዝ ጋር ተጣልቶ ታረቀ። የያዝነው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሌላ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

«ለምን ወሰዳችኋቸው?» ለሚል ሰው ሁለት መልስ አዘጋጅተን ነበር። አንዱ «ይልመዱ ብለን ነው» የሚል ነው። ሌላው «ለትዝታ» ነው። እውነቱን ልናገር? 4 ቀን ሙሉ ቆመን፣ በእጃችን፣ የልጅ ጋሪ እጀታ ላይ ሳህን አመቻችተን ስንበላ ከርመናል። ባለቤቴ ተረከዝ ያለው ጫማ በሻንጣ ይዛ መጥታለች። ጫማው መውጫ ፈለገ። እንግዲህ ልጆቹ ጫማውን አጅበው ነው የሄዱት።

ልጅ ጨርሶ የማያስገባ ቤትም አለ። ግራንድ ፍሎሪዲያን በሚባለው የዲዝኒ ሆቴል ውስጥ ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርትስ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከ10 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይቀበልም። በ2024 ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሽሊን ኮከብ አግኝቷል። ማያያዝ የፈለገ ያያይዝ። እኔን የሚያስቀኝ ስሙ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ አልበርት 9 ልጆች ወልደዋል። የመጀመሪያዋ የተወለደችው በ1840 መጨረሻ ላይ ነው፤ በ1850 ክረምት 7 ደርሰው ነበር፤ አንዳቸውም 10 ዓመት አልሞላቸውም። ቤተሰቡ ያን ጊዜ በስሙ ወደተሰየመው ምግብ ቤት ቢመጣ አባትና እናት ይገባሉ፣ 7ቱ ልጆች ሎቢ ውስጥ ከሞግዚት ጋር ይቀራሉ።

10 ዓመት በዚያ መንደር ትልቅ ነገር ነው። በትኬት ዋጋ ከ3 እስከ 9 ያለው ልጅ ነው፤ 10 የሞላው አዋቂ ነው። ከ3 በታች በነፃ ይገባል። የኛው ትንሽ ለዚህ ነው ልደቱ እስኪደርስ ሳይጠበቅ የመጣው። ትኬት ቆራጩ ፊት «ገና ሕፃን ነው» አልን። ምግብ ቤት ስንደርስ ደግሞ «አንተ ትልቅ ልጅ አይደለህ እንዴ?» አልነው። ልጁ በአንድ ቀን ሁለት ዕድሜ ኖረ።

አስተናጋጁ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሁለቱን ልጆች አየ። ከዚያ እኛን አየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ከጠረጴዛው ላይ ቢላዎቹን፣ ረጃጅሞቹን ብርጭቆዎችና ሻማውን አነሳ። እንደዚህ ያለ ብቃት አይቼ አላውቅም። ፈንጂ አምካኝ ነው የመሰለኝ።

የልጆች ሜኑም አመጣ። የልጆች ሜኑ ራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ከልክላ ነበር። የመጠጥ ገቢያቸው የቀረባቸው ትልልቅ ሆቴሎች ዓይናቸውን ወደ ልጆች አዞሩ። የኒውዮርኩ ዋልዶርፍ አስቶሪያ በ1921 ለልጆች ብቻ የሚሆን ሜኑ ማቅረቡ ይጠቀሳል። ባጭሩ ልጅ ወደ ጥሩ ምግብ ቤት በክብር የተጋበዘው ውስኪው ሲጠፋ ነው። ዛሬ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተዋል፤ አንዱ ሌላውን ያስፈልጋል። የዲዝኒ ወርልድ ቀዳሚ ፓርክ የሆነው ማጂክ ኪንግደም በ1971 ሲከፈት አልኮል አይሸጥበትም ነበር። እዚያ ውስጥ እራት ላይ ወይን መሸጥ የተጀመረው በ2012 ነው። 41 ዓመት! ያን ዘመን ልጅ ይዘው ያለፉ ወላጆች ሐውልት ይገባቸዋል።

ልጄ የልጆቹን ሜኑ ገፋችው። «እኔ ልዕልት ነኝ፣ የትልቅ ሰው ነው የምበላው።» ባለቤቴ በኩራት አየችኝ። ይልመዱ ብለን አልነበር? እሺ ተባለ።

መጀመሪያ የመጣው ማንኪያ ነው። አንድ ማንኪያ፣ እንደ ጎማ ሰፊ ሳህን መሀል ላይ ተጋድሞ። ማንኪያው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሐምራዊ ነገር፣ በላይዋ አንዲት ቅጠል። አስተናጋጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህ ከሼፋችን የተላከ ሰላምታ ነው» አለ። ተረጎምኩላት።

ልጄ ማንኪያውን አየችው። ቀና ብላ አስተናጋጁን አየችው።

«ሰላምታ አልበላም።»

«ቅመሽ ብቻ የኔ ቆንጆ» አለቻት ባለቤቴ።

«ሰላምታ አይበላም። እሱንም ሰላም በይው።»

በነገሩ ላይ ብዙ የሚከራከራት አልነበረም። ሐምራዊዋ ነገር ቀይ ሥር ነበረች። የሕፃናት አመጋገብን የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት ልጅ ከ2 እስከ 6 ዓመቱ አካባቢ አዲስ ምግብ የሚፈራበት ጊዜ ነው፤ ጠባዩ ብልግና ሳይሆን ተፈጥሮ ነው። አንድን ምግብ እስኪለምድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ሊቀርብለት ይችላል። ምክሩ መልካም ነው። እዚያ ቤት 15 ጊዜ ለማቅረብ ግን መኪና መሸጥ ይጠይቃል።

ትንሹ ሰላምታውን በላው። ቅጠሉን ከአፉ አውጥቶ ግን ለአስተናጋጁ መለሰለት።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ጥሩ ምግብ ቤት ማለት እኮ ማዕዱ ያለው መጠበቁ ላይ ነው። ወሬ ይወራል፣ ወይን ይቀመሳል፣ ሰዓት ይረሳል። ልጆቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ለ3 ደቂቃ ጨዋታ 1 ሰዓት ተሰልፈዋል። በሰልፉ መጨረሻ ግን አንድ ነገር ያወረውራቸዋል። እዚህ ተሰልፈው ተሰልፈው፣ መጨረሻው ላይ አሳ መጣ። ያውም የማይንቀሳቀስ።

ዙሪያውን ስቃኝ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ታብሌት ፊት አስቀምጠዋል። በጣም ፈረድኩባቸው። «እራት እየበሉ ስክሪን?» ብዬ ለባለቤቴ አንሾካሾክሁ። ፍርዴ ሾርባው እስኪመጣ ቆየ። ከሾርባው በኋላ ቻርጀር ያለው ሰው እንዳለ መጠየቅ ጀመርኩ።

ከጎናችን ወጣት ጥንዶች ተቀምጠዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። አዲስ ተጋቢዎች ይመስላሉ። ትንሹ ማንኪያውን ሲጥል የመጀመሪያውን ሙሽሪት በፈገግታ አነሳችለት። ሁለተኛውን ሙሽራው አነሳለት። አራተኛው ላይ ፈገግታው ቀጠነ። ሰባተኛው ላይ እጃቸውን አላቀቁ። የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት በነፃ የሰጠናቸው መሰለኝ።

የኔ ልጅ በዚህ መሀል ጠፋች። ጠረጴዛው ስር ነበረች። ነጩ ጨርቅ እስከ መሬት ድረስ ይወርዳል፤ ከውስጥ ሲያዩት ድንኳን ነው። ከኪሷ የሚኒ ማውስ ብዕር አውጥታ ዳቦ ቅርጫቱን ወደ ውስጥ ጎትታ ወስዳለች። እውነቱን ለመናገር ከመጣን ወዲህ የተረጋጋንባት ደቂቃ ያቺ ነች። እኔና ባለቤቴ ተያየን። እሷን ማውጣት ግዴታ ነው ወይስ አይደለም? የወላጅነት ጽሑፎች በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ይላሉ። እኛም ዝም አልን። ለ11 ደቂቃ ትኩስ ምግብ በላን። ዳክዬው ግሩም ነበር።

ርችቱ ሊተኮስ ሲል ቤቱ ውስጥ መብራት ተቀነሰ። ይህ ነገር በዚያ አገር ትልቅ ጉዳይ ነው። ካሊፎርኒያ ግሪል የሚባለው ቤት ኮንቴምፖራሪ ሆቴል ላይ 15ኛ ፎቅ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም፤ ሰው እራቱን እየበላ የማጂክ ኪንግደምን ርችት ያይበታል። የኛም ጠረጴዛ መስኮት ነበረው። ባለቤቴ ጎህ ሳይቀድ የተነሳችው ለዚህ መስኮት ነው። ስልኳን አወጣች። ፎቶው ላይ አራታችንም እንድንኖር ተፈልጓል።

ትንሹ ርችቱ ሊጀመር 4 ደቂቃ ሲቀረው ተኛ። ተኛ ስል ራሱን ነቅንቆ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጉንጩን ቅቤው ላይ አሳርፎ። ሰማዩ ተሰነጠቀ። ወርቅ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። ሰው «ዋው» አለ። ልጁ ያላየው ርችት ቅቤውን አንቀጠቀጠው።

እኔ ወደ ጠረጴዛው ስር ጎንበስ አልኩ።

«የኔ ልዕልት፣ ነይ ውጪ፣ ርችት እየተተኮሰ ነው።»

«ልዕልት አይደለሁም» አለችኝ ዳቦ እያላመጠች። «ቁጭ በይ ተብያለሁ።»

በጭለማው እንደተጎነበስኩ ቀረሁ። ባለቤቴ ያነሳችው ፎቶ አለን፤ በመስኮቱ ወርቅማ ርችት፣ በግራ አንድ የተኛ ልጅ፣ በመሀል የእኔ ጀርባ።

ሂሳብ መጣ። ቁጥሩን አልናገርም፤ ባለቤቴም እስካሁን በትክክል አታውቀውም። አሜሪካ ውስጥ ለአስተናጋጅ ከ18 እስከ 20 ከመቶ ቲፕ መስጠት የተለመደ ነው። እኔ ከዚያ አስበልጬ ጻፍኩ። ቲፕ ብቻ አልነበረም፣ ካሣም አለበት። ሰውየው ሂሳቡን ሲወስድ ጎንበስ ብሎ ለልጄ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጣት። ትኩስ ዳቦ ነው። «ለመንገድ፣ ልዕልት» አላት። እስከ አውቶቡሱ ድረስ አቅፋው ሄደች።

በማግስቱ አያቷ በቪዲዮ ደወሉ። ባለቤቴ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠችና ከጀርባዋ ቆማ ጠበቀች። ይሄኔ ነው እንግዲህ ትዝታ የሚባለው ነገር የሚመዘነው።

«ትናንት የት ሄዳችሁ የኔ እናት?»

«ትልቅ ምግብ ቤት። ሽንት ቤቱ ብቻውን ውሃ ይለቃል! ሦስቴ ሄድኩ።»

«ውይ! ሌላስ?»

«ጠረጴዛው ስር ቤት አለኝ።»

«ምን በላሽ ታዲያ?»

«ዳቦ።»

አያቷ ዝም አሉ። መነጽራቸውን አስተካከሉና ስልኩ ውስጥ እኔን ፈለጉ።

«አንተ፣ ልጆቹን እዚያ ድረስ ወስደህ ደረቅ ዳቦ ነው የምታበላቸው?»