ዲዛይን የሚፈተነው ሴንሰሩ ሲዋሽ ነው

ስለ ሶፍትዌር ዲዛይን በአገራችን ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው መልክ ነው፤ ቀለሙ፣ የፊደሉ አጣጣል፣ የገጹ ማማር። መልክ አይናቅም። እኔ ግን አንድን ሥራ በዲዛይኑ ከማመስገኔ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ የተሳሳተ መረጃ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? የሚገለገልበትን ሰውስ ምን ይለዋል? ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በሐዘን አይተናል።

የዚያን እሑድ ከጠዋቱ 2:38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157ቱም ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላው በፊት፣ ጥቅምት 19፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ ነበሩ።

ቦይንግ ለማክስ የመረጣቸው ሞተሮች ትልልቅ ስለነበሩ ከቀድሞው ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍተው ተገጠሙ። በዚህ የተነሳ አውሮፕላኑ በአንዳንድ ሁኔታዎች አፍንጫውን ከሚገባው በላይ ቀና ወደ ማድረግ አዘነበለ። ይህን እንዲያርም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተጻፈ፤ ጅራቱ ላይ ያለውን አግዳሚ ክንፍ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል። ሲጀመር በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ የሚችለው 0.6 ዲግሪ ነበር፤ በኋላ ወደ 2.5 ከፍ ተደረገ። ይህን ያህል ኃይል የተሰጠው ሶፍትዌር የሚሰማው ግን አፍንጫው ከሚመጣው አየር አንጻር ስንት ዲግሪ ቀና እንዳለ የሚለካ አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት ነበሩ፣ ግራና ቀኝ።

በበረራ 302 ላይ የግራው ሴንሰር ከ74 ዲግሪ በላይ ሲያነብ የቀኙ 15 አካባቢ ያነብ ነበር። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያየ ማንም ሰው አንዱ መበላሸቱን ለመናገር አይቸገርም። ኤምካስ ግን አላስተያያቸውም፤ የግራውን አምኖ አፍንጫውን ደፋ። አብራሪዎቹ ሲያቃኑት ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ እንደገና ደፋ። ሴንሰሮቹ አለመስማማታቸውን የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያም ቢሆን፣ አየር መንገዱ በተጨማሪነት የሚገዛው ማሳያ ከሌለ አይሠራም ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አለመጠቀሱ ነው። አብራሪዎች ስለ መኖሩ የሰሙት ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ነው። ቦይንግ ማክስን ሲሸጥ የድሮውን 737 የሚያበር ሰው በረራን አስመስሎ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በሲሙሌተር፣ ተጨማሪ ሥልጠና አያስፈልገውም ይል ነበር፤ ሥልጠና ካስፈለገ ለአሜሪካው ሳውዝዌስት አየር መንገድ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ተስማምቶም ነበር። ይሄ የሽያጭ ክፍል ጥፋት ነው፣ ዲዛይነሮቹን አይመለከትም የሚል ይኖራል። እኔ አልቀበለውም። ተጠቃሚው ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚሰወርበት ከመወሰን የበለጠ የዲዛይን ሥራ የለም።

አሜሪካ ውስጥ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ ነበሩ። የኢትዮጵያ ትራንስፖርት ሚኒስቴር መጋቢት 26 የመጀመሪያውን ሪፖርት ሲያወጣ ግን አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሁሉ ደጋግመው ማድረጋቸውን ገልጿል። የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ ቆርጠው ነበር፤ አውሮፕላኑ በጣም ፈጥኖ ስለነበር ክንፉን ለማንቀሳቀስ በእጅ የሚዞረው መንኮራኩር አልንቀሳቀስ አላቸው። ኤሌክትሪኩን ሲመልሱት ኤምካስ ዳግም ደፋው። ሰው እስከ ጉልበቱ ጫፍ ታግሎ ማሸነፍ ያልቻለውን ማሽን የሠራ፣ ጥፋቱን በሰውየው ላይ መጣል አይችልም።

ማክስ በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንዲበር ሲፈቀድለት ሶፍትዌሩ ተለውጦ ነበር። አሁን ሁለቱን ሴንሰሮች ያስተያያል፤ ካልተስማሙ እጁን ይሰበስባል። አንዴ ከደፋ ደጋግሞ አይደፋም። አብራሪው መሪውን ከሳበ ኃይሉ ከሶፍትዌሩ ይበልጣል። ከነዚህ መካከል አዲስ ግኝት የሚባል አንድም የለም፤ 346 ሰው ከመሞቱ በፊትም መሐንዲስ ሁሉ የሚያውቃቸው ነበሩ።

እኛ አገር የምንሠራው በብዛት የክፍያ፣ የምዝገባና የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር ነው። ገንዘብ እየላክን ኔትወርክ ሲቋረጥ ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ይሽከረከራል እንጂ ገንዘቡ ይድረስ አይድረስ የሚነግረን የለም፤ ሰው ደግሞ ይልካል፣ ሁለቴ ይቆረጥበታል። ሶፍትዌር የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች በሠርቶ ማሳያው ቀን የሚያዩት ሁሉ ነገር ሲሰምር ነው። እስቲ በዚያው ቀን ኔትወርኩን መሃል ላይ ይቁረጡት፣ የተሳሳተ ቁጥር ያስገቡበት፣ መብራት ያጥፉበት፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ የመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ ሆነው ያንብቡትና ፊርማውን ያኔ ያስቡበት።