ባለ 2 አምፔር አዳፕተር ራውተር አያቃጥልም

ወንድሜ፣ እዚሁ አዳማ ለጎረቤትህ «1 አምፔር የሚል ራውተር ላይ ባለ 2 አምፔር አዳፕተር ከሰካህ ይቃጠላል» ያልከው ልክ አይደለም። አምፔሩ አዳፕተሩ መስጠት የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ራውተሩ የሚበቃውን ብቻ ይስባል። የሚያቃጥለው ቮልት ነው፦ ጫፉ ልክክ ቢልም እንኳ ባለ 9 ቮልቱ ራውተር ላይ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር እንዳይሰካ። አዳፕተሩ 0.5 አምፔር ብቻ ከሆነ ደግሞ መብራቱ ይበራል፣ ዋይፋዩ ላይ ሰው ሲበዛ ግን ጠፍቶ ይነሳል፤ አዳፕተሩም ይግላል፣ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። አዳፕተሩ ላይ «ኦውትፑት» ከሚለው ጎን የሞገድ ምልክት (~) ካለ የሚያወጣው ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ነውና በዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ) ለሚሠራ ራውተር አይሆንም። አዳፕተሩ ላይ ያለችው ትንሿ የክብ ሥዕል የጫፉ መሃል ፖዘቲቭ (+) ወይም ኔጋቲቭ (−) መሆኑን ታሳያለች፤ ይህም ራውተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን።