ለጀጎል ጀርባ የመስጠት ጥበብ

ሰው ተራራ የሚወጣው ቁልቁል ለማየት ነው የሚል ኋላ ቀር አመለካከት ነበረኝ። ባለፈው እሑድ ከሰባት ጓደኞቼ ጋር ከድሬዳዋ ተነሥተን ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ላይ ከዋልን ወዲህ ግን ተፈውሻለሁ። ጋራውስ ስሙ ሐኪም አይደል?

ሕክምናው የጀመረው ገና ደንገጎ ላይ ነው። ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ ቆመ። ከበታቻችን ድሬዳዋ ሙቀቷን ለብሳ ተዘርግታለች። ጓደኞቼ ወረዱ፣ ተሰለፉ፣ ለተወለዱባት ከተማ ጀርባቸውን ሰጡ፣ ፈገግ አሉ፣ ተመልሰው ገቡ። ሾፌሩ ሞተር እንኳን አላጠፋም። አወዳይ ላይ ደግሞ ለጫት ቆምን። እዚያ ግን ማንም ጀርባ አልሰጠም፤ እያንዳንዱ ዙርባ ቅጠል በቅጠል ተመረመረ። ጓደኞቼ ማየት አይችሉም የሚል ካለ ይህን ይወቅልኝ።

የዕለቱ መርሐ ግብር «የእግር ጉዞ» ይባላል። ሐረር ስንገባ ባጃጆች ዳገቱ እስከፈቀደላቸው ድረስ ወሰዱን፤ የቀረውን በእግራችን ወጣነው፤ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያም ውስጥ ስምንቱ ደቂቃ አቧራ የነካው ነጭ ጫማ በሶፍት ሲጠረግ ያለፈ ነው።

አናቱ ላይ ደረስን። ጀጎል ከፊታችን ናት። 48 ሄክታር መሬት በግንብ ታቅፋ፣ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮች አቅፋ፣ የጃሚዕ መስጊድ ነጫጭ ሚናሬቶች ከጣሪያዎቹ በላይ ብቅ ብለው፣ ፈረስ መጋላ ላይ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን እየታየ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ከተማ፣ እንዳለች፣ በአንድ እይታ። ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ሲያገኙ ምን አደረጉ? ዞሩ።

አዟዟራቸውን ማድነቅ አለብኝ፤ ሰልፍ ያስለመዳቸው ወታደር ያለ ይመስላል። ፎቶ አንሺ ሆኖ የተመደበው ጓደኛችን ድንጋይ ላይ ወጥቶ ትእዛዝ ይሰጣል። «አንቺ ትንሽ ወደ ግራ፤ ሚናሬቱ ከአናትሽ ላይ በቅሏል!» አለ። ወደ ግራ ሄደች፤ ሚናሬቱ ከጎኗ ካለው ልጅ ጆሮ ወጣ። ልጁ ጎንበስ አለ። እንደገና። ፀሐይ ጠቆረች፤ እንደገና። አንዷ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እንደገና። (እርግጥ ለከተማዋ ጀርባ ሰጥቶ ለቆመ ሰው ዓይን መጨፈን ምን እንደሚያጎድልበት አልገባኝም፤ ግን ባለሙያ አይደለሁም።) አርባ ደቂቃ አልፎ ስልኩን ተረክበው ሲያገላብጡ፣ ከ82ቱ መስጊዶች ሁለት ተኩል ያህሉ ወጥተዋል። ግንቡ ጨርሶ የለም። «ትንሽ ከፍ አድርገው ቢሠሩት ምን ነበረበት?» አለ ፎቶ አንሺው ቅር ብሎት። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲያስገነቡት ያሰቡት ጠላት እንዳይገባ እንጂ ፎቶ ውስጥ እንዲገባ አልነበረም፤ እዚህ ላይ አርቆ አሳቢነት ጎድሏቸዋል።

ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1847 ዓ.ም. ይህችን ከተማ አያለሁ ብሎ፣ እንደ ዓረብ ነጋዴ ለብሶ ከዘይላ ተነሥቶ በረሃ አቋርጧል። ነፍሱን አስይዞ ገብቶ ዐሥር ቀን ተቀመጠ። ምስኪን! የፊት ካሜራ ያለው ስልክ ቢኖረው ኖሮ ሳያያት ይመለስ ነበር።

ከዚያ ምሳ ሆነ። ሳምቡሳው ተበላ፣ ውኃው ተጠጣ፣ ጫቱ ተቃመ፣ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ስንነሣ ጓደኞቼ በጠዋቱ ሙያቸው ጸኑ፤ ለስምንት ባዶ ሃይላንድ፣ ለሁለት ፌስታልና ለአንድ ክምር ገረባ ጀርባቸውን ሰጡ። ገረባውን ፍየል ትበላዋለች። ለቀረው ጅብ አለ አሉኝ። የሐረር ጅብ ማታ ማታ በግንቡ ቀዳዳ ሾልኮ እየገባ ከተማዋን ሲያጸዳ የኖረ፣ በዓሹራ ገንፎ የሚቀርብለት የተከበረ ሠራተኛ ነው፤ አጥንት አይመርጥም። ፕላስቲክ ግን ገና አልለመደም። ትዕግሥት ይኑረን።

ይህን እየተመካከርን ሳለ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ከላይ ወረዱ። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣ ወደ ከተማዋ ዞረው ቆሙ። ዝም ብለው አዩ። እኛ የመጨረሻውን የቡድን ፎቶ እየተነሣን ነበርና «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አልናቸው። ሰሙንም አልሰሙንም፣ ጥቂት ቆይተው ጎንበስ አሉና ከሃይላንዶቹ ክዳን ያላቸውን አምስቱን መርጠው በነጠላቸው ቋጠሩ። ለወተት ይሆናል። ቁልቁለቱን ተያያዙት።

ማታ ፎቶው ደረሰኝ። ሰባት ፊት ወደ እኔ ይስቃል፤ በቀኝ ጠርዝ በኩል አንድ ጀርባ አለ፤ የእንጨት ሸክም፣ የደበዘዘ ነጠላ፣ ፊቱን ወደ ጀጎል የመለሰ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ መጣልኝ። ፎቶ አንሺው ለጥራት የማይታክት ሰው ነው፤ ጠርዙን ቆርጦ እማማን አውጥቷቸው፣ ከሥሩ «ሐረርን ስናደንቅ» ብሎ ጽፎበታል።