የወረቀቱን ጀርባ ለምትተዉ ወገኖች

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የ6ኛ ክፍል ልጅ ለትምህርት ቦርድ ይመርጣል። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ የተማሪ አባል ይመርጣሉ፤ ያ አባል ከሰባቱ አዋቂ አባላት ጎን ተቀምጦ ድምፅ ይሰጣል። የዚያው ልጅ እናትና አባት ግን ዜግነት ወስደው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ ለፕሬዚዳንት ለመምረጥ ተሰልፈው ሲያበቁ የወረቀቱን ፊት ብቻ ሞልተው ይወጣሉ። የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ስም ያለው ታች ነው፤ ብዙ ጊዜም ጀርባው ላይ ነው። የ12 ዓመት ልጅ በቁም ነገር የያዘውን ነገር ወላጁ ገልብጦ እንኳ ሳያየው ማሽኑ ውስጥ ይከተዋል።

ተግሳጹ ለእናንተ ነው፤ የአሜሪካ ዜግነት ይዛችሁ ልጆቻችሁን በሕዝብ ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ ኢትዮጵያውያን። "ስደት የመጣሁት ለልጆቼ ብዬ ነው" የማይል ከመካከላችን የለም። ልጃችሁ የት ትምህርት ቤት እንደሚመደብ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ይቀጠር ወይም አይቀጠር እንደሆነ የሚወስኑትን ሰዎች ስም ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ላይ ማን ተሾመ ማን ተሻረ እያልን ሌሊቱን እናነጋለን። እዚህ በገዛ ግብራችን በጀት የሚያጸድቁትን ሰዎች መንገድ ላይ ብናገኛቸው አናውቃቸውም።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ነባር አባላት ለድጋሚ ምርጫ ሲመጡ የምንቀበልበት መንገድ ነው። አራት ዓመት ያላየነው ሰው በምርጫው ዓመት የእንቁጣጣሽ በዓላችን ላይ ይገኛል። ነጠላ እናለብሰዋለን፣ ቡና እንቀዳለታለን፣ "ሰላም" ሲል እናጨበጭባለን፣ ተሰብስበን ፎቶ እንነሳለን። በማግስቱ ያ ፎቶ የኢትዮጵያውያን ድጋፍ ማስረጃ ሆኖ ይለጠፋል። እንግዳ መቀበል ያሳደገን ነገር ነውና ይቀጥል። ጥፋቱ ነጠላውን ካለበስን በኋላ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳንጠይቅ መሸኘታችን ነው። አዲስ ተወዳዳሪ የሚያሳየው ተስፋ ብቻ ነው። ነባሩ ግን መዝገብ አለው። በየስብሰባው በምን ላይ እጁን እንዳወጣ፣ በምን ላይ እንደተቃወመ፣ መቼ እንደቀረ ተጽፎ ተቀምጧል። ያንን መዝገብ ሳያዩ እንደገና መምረጥ የሠራተኛን ሥራ ሳያዩ ደመወዝ እንደ መጨመር ነው።

መጀመሪያ ቦርዱ ምን እንደሚሠራ እንወቅ፤ ያለቦታው መጠየቅም መዝገቡን ያበላሻል። ቦርዱ የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ፣ ሱፐርኢንቴንደንቱን፣ ይቀጥራል፤ በጀት ያጸድቃል፤ የትምህርት ቤት ክልል ድንበር ይወስናል፤ የትምህርት ካላንደሩን ያወጣል፤ ከመምህራን ማኅበር ጋር የሚደረገውን ስምምነት ያጸድቃል። የልጃችሁን መምህር ቀጥሮ የሚያባርረው አንድ የቦርድ አባል አይደለም። እንዲያውም አንድ አባል ከስብሰባ ውጭ ብቻውን የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ የቦርዱ ድምፅ ነው። ስለዚህ "እኔ አስተካክልላችኋለሁ" የሚል ነባር አባል ሲገጥማችሁ፣ ሌሎቹን አባላት አሳምኖ ድምፅ ያስገኘበትን አንድ ጉዳይ እንዲጠቅስ ጠይቁት። መጥቀስ ካልቻለ አራት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲናገር ኖሯል ማለት ነው።

መዝገቡን ለማግኘት ጠበቃ አያስፈልግም። በሁሉም ክፍለ ግዛቶች የስብሰባ ግልጽነት ሕግ አለ፤ አጀንዳውና ቃለ ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት ነው። ሞንትጎመሪም ሆነ የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ሰነዶቻቸውን ቦርድዶክስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ውስጥ ሁሉንም ማንበብ አያስፈልጋችሁም። በጀት የጸደቀበትን ስብሰባ፣ የሱፐርኢንቴንደንቱ ውል የተፈረመበትን ወይም የታደሰበትን፣ የክልል ድንበር የተቀየረበትን ውሰዱ። በእያንዳንዱ ላይ ሐሳቡን ማን እንዳቀረበ፣ ማን እንደደገፈ፣ ድምፁ ስንት ለስንት እንደሆነ ተጽፏል። ሦስቱን ለማንበብ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። የማኅበር አባላት ስብሰባዎቹን ቢከፋፈሉ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት እንኳ አይደርስም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ዓይናችሁን ተክሉ። አጀንዳው ላይ ያለ ውይይት በአንድ ድምፅ የሚጸድቅ ጥቅል ክፍል አለ። አሥርና ሃያ ጉዳዮች በአንድ ላይ ተጠርዘው "የሚቃወም አለ?" ይባልና በግማሽ ደቂቃ ያልፋሉ። ቀላል የአስተዳደር ጉዳዮች እንዲያልፉበት የተፈጠረ መንገድ ነው፤ ጊዜም ይቆጥባል። ግን የአውቶቡስ፣ የመጻሕፍት፣ የኮምፒውተርና የስልክ አስተርጓሚ ውሎችም በዚያው ያልፋሉ። ማንኛውም አባል አንዱን ጉዳይ ከጥቅሉ አውጥቶ ለብቻው ውይይት እንዲደረግበት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ነባሩን አባል "በአራት ዓመት ውስጥ ከጥቅሉ ያወጣኸው የትኛውን ውል ነው? ለምን?" ብላችሁ ጠይቁት። ሥራውን የሚሠራ አባል ሁለትና ሦስት ወዲያው ይጠራላችኋል።

በጀት ላይ ደግሞ በጥሩ ቃል አትደለሉ። በአብዛኛው የትምህርት ዲስትሪክት ከዓመታዊ ወጪው አራት አምስተኛው ገደማ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ነው። ስለዚህ "ብክነትን እቀንሳለሁ" የሚል ሰው ሁሉ የምትቀነሰው የሥራ መደብ የትኛዋ እንደሆነች ይንገራችሁ። የንባብ ረዳት ናት? የእንግሊዝኛ መምህር ናት? የማዕከላዊ ቢሮ ዳይሬክተር ናት? የኮቪድ ጊዜ የፌዴራል እርዳታም አለ። በሦስት ዙር ወደ 190 ቢሊዮን ዶላር ለአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተሰጠ፤ በመጨረሻው ዙር የመጣው ገንዘብ እስከ መስከረም 30፣ 2024 እ.ኤ.አ. ለሥራ መመደብ ነበረበት። በዚያ የአንድ ጊዜ ገንዘብ ቋሚ ሠራተኛ የቀጠሩ ዲስትሪክቶች ገንዘቡ ሲያልቅ ወይ ሰው ቀነሱ ወይ ከሌላ ቦታ ቆረጡ። ወንበሩ ላይ የነበረ አባል ያኔ ምን ብሎ እንደመረጠ መዝገቡ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ጊዜውንም እወቁ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። ሱፐርኢንቴንደንቱ ረቂቁን በዲሴምበርና በጃንዋሪ አካባቢ ያቀርባል፣ ቦርዱ ፌብሩዋሪ አካባቢ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ከዚያ ካውንቲው ገንዘቡን በኤፕሪልና በሜይ አካባቢ ይወስናል። ቦርዱ በነዚህ ክፍለ ግዛቶች በራሱ ግብር አይጥልም፤ ገንዘቡን የሚሰጠው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። በኖቬምበር ተቆጥቶ በጃንዋሪ የሚተኛ ማኅበረሰብ ባጀቱ ውስጥ ቦታ አያገኝም።

የኛን ልጆች በቅርብ የሚነካው ግን ቋንቋው ነው። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ርዕስ ስድስትና በ1974ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የላው እና ኒኮልስ ውሳኔ መሠረት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆችን ትምህርቱ እንዲገባቸው የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ለወላጅም አስፈላጊ መረጃ በሚገባው ቋንቋ ሊደርሰው ይገባል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ መምህሩ ፊት አታስቀምጡ። ልጁ የራሱን ጥፋት እንዴት ብሎ ይተረጉማል? የልዩ ድጋፍ ስብሰባ ላይ፣ አይኢፒ በሚባለው፣ አስተርጓሚ ከሌለ ሳትፈርሙ ሌላ ቀጠሮ ጠይቁ። ወደ ነባሩ አባል ስትመለሱ "ለኢትዮጵያውያን ምን ታስባለህ?" አትበሉት፤ የሚመልሰው ምስጋና ብቻ ነው። ይልቅ እንዲህ ጠይቁት፦ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በእንግሊዝኛ ድጋፍ ፕሮግራም ውስጥ የቆዩ ተማሪዎች ስንት ናቸው? ዋይዳ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀውን ዓመታዊ የእንግሊዝኛ ፈተና አልፈው የሚወጡትስ? አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ስንት ልጅ ይይዛል? ቁጥሩ ባለፉት አራት ዓመታት ወጣ ወይስ ወረደ? ቁጥሩን በቃሉ ባያውቀው ግድ የለም፤ በሳምንት ውስጥ አጣርቶ ካልላከላችሁ ግን እርሱም መልስ ነው።

ነባር አባል አይወድቅም ብላችሁም አትተኙ። ሞንትጎመሪ ውስጥ በ2024 ለድጋሚ የተወዳደሩት ሦስት ነባር አባላት ሦስቱም ወንበራቸውን አጥተዋል። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2022 ከሰባት አባላት ሦስቱን ጊዜያቸው ሳያልቅ በድምፅ አውርዷል። መራጩ ሲነቃ ይሆናል። በደንብ የሠራ ነባር አባል ካለም መዝገቡን አይታችሁ ደግፉት፤ አዲስ ስለሆነ ብቻ አዲሱን መምረጥም ያው ስንፍና ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሞንትጎመሪ ውስጥ ያላችሁ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ጋር ሳትመዘገቡ የቀራችሁ ብዙ ናችሁ፤ "የመጀመሪያው ዙር የፓርቲ ሰዎች ነው" ትላላችሁ። ስሕተት ነው። የትምህርት ቦርድ ውድድር ፓርቲ የለውምና በመጀመሪያው ዙር መምረጥ ትችላላችሁ። በዚያ ዙር ሜዳው ተጣርቶ ለኖቬምበር ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ብቻ ይቀራል። "የኔ የምርጫ ዲስትሪክት አይደለም" ብላችሁም አትዝለሉ፤ ተወዳዳሪው ከዲስትሪክቱ መሆን ቢኖርበትም የሚመርጠው የካውንቲው ሕዝብ በሙሉ ነው። ሲያትል ላይ ነገሩ ይለያል፤ በኦገስት የዲስትሪክቱ ነዋሪ ብቻ፣ በኖቬምበር ከተማው በሙሉ ይመርጣል። ፌርፋክስ 12ቱንም አባላት በአንድ ጊዜ በጎዶሎ ዓመት ነው የሚመርጠው፤ ያለፈው 2023 ነበር፣ የሚቀጥለው 2027 ነው። የፕሬዚዳንት ምርጫ ስለሌለ ብዙዎቻችሁ ቤት የምትቀሩበት ዓመት ማለት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ እወቁት፤ ከ2007 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹን የሚመራው ከንቲባው ነው። የምትመርጡት የትምህርት ቦርድ ትምህርት ቤቶቹን አያስተዳድርም፤ ስለ ትምህርት ቤቱ አቤቱታችሁን ለከንቲባውና ለምክር ቤቱ አድርሱ።

በምርጫ ጣቢያ በር ላይ የናሙና ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ሞንትጎመሪ ላይ የፖም ቅርጽ ያለው የመምህራን ማኅበሩ ነው፣ ሌላ ቦታ የፓርቲዎች ነው። መንግሥት ያዘጋጀው አይደለም፤ የአንድ ወገን ምክር ነው። መቀበል ምንም አይደል፣ ብቻ ቤታችሁ የጻፋችሁትን ስም ይዛችሁ ሂዱ። "እስከ ሦስት ምረጡ" የሚል ውድድር ላይ አራት ክብ ካጠቆራችሁ የዚያ ውድድር ድምፃችሁ በሙሉ ይሰረዛል። ሦስት መምረጥ ግን ግዴታ አይደለም፤ አንድ ብቻ የምታምኑት ካለ አንዱን አጥቁሩ፣ ይቆጠራል። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችሉ አባትና እናት ካሉ፣ በድምፅ መስጫ መብት ሕግ መሠረት የመረጡትን ሰው ይዘው ገብተው ሊታገዙ ይችላሉ፤ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ወኪል ብቻ መሆን የለበትም።

ግሪን ካርድ ያላችሁ አትምረጡ። "ማን ያየኛል" ብሎ የሞላ ሰው ዜግነት ሲጠይቅ ይያዛል፤ እስከ መባረር ያደርሳል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ "ዜጋ ነህ?" የሚለውን ሳታነቡ አትፈርሙ። ቦርዱ ስብሰባ ላይ መናገር ግን ዜግነት አይጠይቅም። ቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ የሚሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፤ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፤ የትርጉሙ ጊዜ ከእናንተ ደቂቃ እንዳይቀነስ በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ጉዳይ ብቻ ያዙ። ለመግቢያ ሰላምታ አንድ ደቂቃ የሚያባክን ሰው ጥያቄው ላይ ሳይደርስ ይቆረጣል።

አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ከግብር ነፃ የሆኑ ማኅበራት ከ1954 ጀምሮ በወጣው ሕግ ተወዳዳሪን መደገፍም ሆነ መቃወም አይፈቀድላቸውም። አዳራሻችሁን ለነባሩ ስትከፍቱ ለተቀናቃኙም በእኩል ጊዜና በእኩል ጥያቄ ክፈቱ። ሁለቱም ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመልሱ መስማት ደግሞ ለእናንተም ይጠቅማል።

ድምፃችሁን በፖስታ የምትልኩ፣ የኮሎራዶና የዋሽንግተን ስቴት ነዋሪዎች፣ የፖስታው ጀርባ ላይ ያለችውን ፊርማ አትናቁ። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ በአማርኛ ከፈረማችሁ በአማርኛ ፈርሙ፤ በእንግሊዝኛ ከፈረማችሁ በእንግሊዝኛ። ካልተመሳሰለ ድምፃችሁ ሳይቆጠር ተይዞ ደብዳቤ ይመጣላችኋል፤ ያ ደብዳቤ የማስተካከያ ቀነ ገደብ አለው፤ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብራችሁ አትጣሉት። ኮሎራዶ ላይ ፖስታው በምርጫው ቀን እስከ ማታ 7 ፒ.ኤም. ጽሕፈት ቤቱ መድረስ አለበት፤ በዚያ ሳምንት ፖስታ ቤት ከመስጠት ወደ መሰብሰቢያው ሳጥን ራሳችሁ ውሰዱት።